ጥያቄ ሠላሳ አንድ እና የሱሉልታ በረዶ

ለክቡር የዳገትና ቁልቁለት መንገዶች ደህንነት አስተባባሪ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና አቧራ ነክቷት ለማታውቀው የመሥሪያ ቤት መኪናዎ ጤና ይስጥልኝ እላለሁ። እኔ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ በአካል ደህና ነኝ። ሱሉልታ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት መኪና መንዳት ያስተማርኩ ሰው ስሆን፣ በአደባባይ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ አደራ እላለሁ፤ ድፍረትማ ቢኖረኝ ኖሮ ከሦስት ሳምንት በፊት ቢሮዎ ድረስ መጥቼ በቃሌ እነግርዎ ነበር።

የምጽፈው ስለ ዱባለ ነው። ዱባለ ከወላይታ መጥቶ ቡራዩ በሚገኝ ብሎኬት ማምረቻ ስድስት ዓመት ሲሚንቶ ሲያቦካ ከቆየ በኋላ፣ እኔ ዘንድ ሠልጥኖ መንጃ ፈቃድ ያወጣና በሚኒባስ ሰው እያመላለሰ ሦስት ልጆች የሚያሳድግ ሰው ነው። በነሐሴ መጀመሪያ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ወደ ከተማችን መግቢያ ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ ባቄላ የሚያህል በረዶ ወርዶ አስፋልቱን ነጭ አደረገው። ሚኒባሷ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ገባች፤ የተሳፋሪዋ የእማማ ሙሉዬ ክንድ ተሰበረ፣ የዱባለም እግር። ጽሕፈት ቤትዎ፣ ለመንገዱ ጉድጓድ ቢሆን በምንመኘው ፍጥነት፣ በሁለተኛው ቀን "አሽከርካሪው ከተሰጠው ሥልጠና ውጭ በማሽከርከሩ" ብሎ ፈቃዱን አገደ፤ የፊታችን ሐሙስ ደግሞ ጨርሶ ሊሰርዝበት ቀጥሮታል። በዚሁ ጉዳይ ላይ ጥቂት ምስጋናዎች አሉኝ።

አንደኛ፣ ስላሳተሙልን የማሠልጠኛ መጽሐፍ እጅ እነሣለሁ። ገጽ አርባ ሰባት በረዶ ላይ ስለ መንዳት ሲያስተምር ጎማው ላይ ሰንሰለት ይጠመጠም ይላል። በከተማችን እኔ የማውቀው ሰንሰለት ዓርብ ከምሳ በኋላ የጽሕፈት ቤትዎ በር የሚዘጋበትን ብቻ ስለሆነ፣ ለየትኛው ሚኒባስ እንደታሰበ ቢያሳውቁን። መጽሐፉ ለቤት መኪና፣ ለከባድ መኪና፣ ተሳቢ ላለውም ሳይቀር ለየብቻ ምክር አለው፤ ስለ ባጃጅ ግን አንድ መስመር አልጻፈም። የዚያን ቀን ቁልቁለቱ ላይ የነበሩት ደግሞ አራት ባጃጆች፣ ድንጋይ የጫነ አንድ አይሱዙና የዱባለ ሚኒባስ ናቸው።

ሁለተኛ፣ አደጋው በደረሰ በዘጠነኛው ቀን ስለተተከለው "መንገዱ ያንሸራትታል" የሚል ምልክት አመሰግናለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምላሰኞች አሉ፤ አይስሟቸው። ምልክቱ የቆመው ቁልቁለቱ ካለቀ በኋላ በመሆኑ፣ ተርፎ የደረሰ ሁሉ ተረጋግቶ ሊያነበው ይችላል።

ሦስተኛ፣ ለኦቦ ቢቂላ ስለጻፉላቸው ደብዳቤ። እኚህ አዛውንት ገበሬ ቤታቸው ከመንገዱ ዳር ሲሆን፣ ሚኒባሷ ቦይ ውስጥ ስትገባ አይተው ከክምራቸው ድርቆሽ እየተሸከሙ በረዶው ላይ ጎዘጎዙ፤ አይሱዙው በአንደኛ ማርሽ እንዲወርድ፣ የባጃጆቹም ተሳፋሪዎች በእግራቸው እንዲሄዱ አዝዘው፣ "ሱታ! ሱታ!" እያሉ፣ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው፣ አምስቱንም በደህና አወረዱ። ገጽ አርባ ሰባትን አላነበቡም። ጽሕፈት ቤትዎም "መንገድ ላይ ቆሻሻ በመጣል" የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ሰጣቸው፤ ደብዳቤውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፣ በጣም ሳቁ።

አራተኛው ላይ ምስጋናዬ አለቀ፤ ከዚህ በኋላ ያለው የእኔ ነው። በጽሑፍ ፈተናው ጥያቄ ሠላሳ አንድ፣ በበረዶ በተሸፈነ ቁልቁለት ላይ አሽከርካሪው ምን ማድረግ እንዳለበት ይጠይቃል። እኔ በየዙሩ፣ ሰሌዳው ፊት ቆሜ፣ "መልሱ ሐ ነው፤ ይህ ለፈረንጅ አገር የተጻፈ ነውና እለፉት" እል ነበር፤ ክፍሉም ይስቃል። በዝቅተኛ ማርሽ፣ በዝግታ፣ ፍሬን በድንገት ሳይረግጡ መውረድ ነው የሚለው ሐ። ዱባለ ጥያቄውን አግኝቷል፤ ሐ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አላስነበብኩትም። ይባስ ብዬ፣ እንደ አገራችን ሾፌር ሁሉ፣ በዚያው ቁልቁለት ላይ ማርሹን አውጥቶ በሞርቶ እንዲንከባለል ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ነዳጅ ይቆጥባል ብዬ። በሞርቶ የሚወርድ መኪና ከፍሬን በቀር የሚይዘው የለም፤ በረዶ ላይ ፍሬን ሲረገጥ ደግሞ ጎማው ይቆማል እንጂ መኪናው አይቆምም። "የሚያንሸራትት መንገድ ልምምድ፦ ተሰጥቷል" በሚለው ቅጽ ላይ ያለውም ፊርማ የእኔ ነው።

ሆስፒታል ስጠይቀው ዱባለ፣ "ጋሼ፣ እንዳስተማሩኝ ሞርቶ አድርጌ ነበር እኮ፤ ምን አጥፍቼ ነው?" አለኝ። ሊወቅሰኝ አይደለም፤ እውነት ጠፍቶት ነው የጠየቀኝ። አይዞህ ብዬው ወጣሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ ክፍል ገብቼ ጠመኔ ስይዝ አፍራለሁ። የእርስዎን ሰንሰለትና ምልክት ስቆጥር መክረሜም፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደተባለው ነው።

ስለዚህ በውሳኔዎ ላይ አንዲት እርማት እንዲገባልኝ በትህትና እለምናለሁ፦ "ከተሰጠው ሥልጠና ውጭ" የሚለው ተሰርዞ "በተሰጠው ሥልጠና መሠረት" ይባል። ሐሙስ የአሠልጣኝነት ፈቃዴን ይዤ ከዱባለ ቀድሜ እቀርባለሁ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዳይሆንብዎ፣ አህያው በእግሩ እየመጣልዎ ነው።

በዝቅተኛ ማርሽ፣ በታላቅ አክብሮትና ከዚያ በበለጠ እፍረት፣

ዮፍታሔ ካሳሁን
የጥያቄ ሠላሳ አንድ መምህር
ሱሉልታ

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ክቡርነትዎ ረስተውት ይሆናል፤ ከስምንት ዓመት በፊት መንጃ ፈቃድ ሲያወጡ ያሠለጠንኩዎ እኔ ነኝ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ "ለፈረንጅ አገር ነው፣ እለፉት" ስል ከሁሉ አብልጠው የሳቁት እርስዎ ነበሩ፤ ሠላሳ አንድንም አግኝተዋል። እንግዲህ ሐሙስ ከመፈረምዎ በፊት፣ መጽሐፉን ሳይገልጡ፣ ሐ ምን እንደሚል ለተሰብሳቢው ይንገሩልን። ካቃተዎ የዱባለ ፈቃድ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ የእርስዎን ከጎኑ ያስቀምጡት፣ ለእኔም ቦታ ይተዉልኝ።