የእመቤት ማስጠንቀቂያና የእኔ አረቄ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለበቀለች፤
ቤይሩት።

እንደምን ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ነው? የማዳምሽ ቁጣስ በረድ አለልሽ? ምግቡስ፣ እንቅልፉስ? የእንጅባራ ብርድ ያሳደገውን ሰው የባሕር ማዶ ብርድ አይደፍረውም ብዬ እጽናናለሁ። እኛ ደኅና ነን። እማዬን ጉልበቷን ብቻ ያማታል፤ እኔም ጤናዬ ሙሉ ነው፣ የጎደለኝ ሰው ፊት የምቀርብበት ፊት ነው። ይህን በስልክ ያልነገርሁሽ ቀልዱ ስለሚቀድመኝ፣ ልጅሽ እመቤትም አጠገቤ ስለምትቆም ነው። ስለዚህ ይህን ወረቀት ወደ ቤይሩት ለምትመለሰው ለጎረቤታችን ልጅ ለአትክልት እሰጣታለሁ።

እታለም፣ እንደምታውቂው ወንድምሽ ተራ መምህር አይደለም፤ የትምህርት ቤቱ የሥነ ሥርዓት ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ይህ ክቡር ሰብሳቢ አምና ለዘጠኝ ዓመቷ ልጅሽ ቁጥርና ማኅተም ያለው ማስጠንቀቂያ ሦስት ጊዜ ጻፈ። ጥፋቷ፦ ትናንት በቃሏ የወጣችውን የሁለት ማባዣ ዛሬ መርሳት፣ የሰው እርሳስ ማንሳት፣ «ደብተርሽን አውጥተሽ፣ ቀኑን ጽፈሽ፣ ከሰሌዳው ገልብጪ» ስትባል ደብተሯን ታቅፋ መቀመጥ። ደብዳቤው «ለወላጅ ወይም ለአሳዳጊ» ይላል። አሳዳጊዋ ደግሞ እኔ። ራሴ ጻፍሁ፣ ራሴ ተቀበልሁ፣ መቀበሌንም ለራሴ ፈረምሁ። በመጨረሻም በሰልፍ ፊት አንበረከክኋት። እሷ ግን ለምን እንደተንበረከከች ጠፍቷት ጠጠር ትለቅም ነበር። እኔም «ንቀት» ብዬ መዘገብሁት።

ዘንድሮ መስከረም ላይ ትሕትና የምትባል የልዩ ፍላጎት መምህርት መጣችልን። «ጋሼ ወገኔ፣ ልጅቷ አልናቀችዎትም፤ ሦስት ትእዛዝ በአንዴ ሲሰጧት ሁለቱ መንገድ ላይ ይቀሩባታል» አለችኝ። ጎትጉታ ዳንግላ ሐኪም ዘንድ ላከችን። ሐኪሙ ብዙ ጠይቆ፣ «እናቷ እርጉዝ ሳለች መጠጥ ትጠጣ ነበር?» አለኝ። ነገሩ ያኔውኑ ገባኝ። ሆኖም «እኛ ቤት? በማርያም! ጠላ እንኳ ሸቶን አያውቅም» አልሁት። በጠላ ገንቦ መሐል ድክ ድክ ያልሁት ሰውዬ! ሐኪሙም አመነኝና «እንግዲያው ምክንያቱን አላገኘነውም» ብሎ ሰደደን። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ትከሻዬ ላይ ተኛች። እንዳልቀሰቅሳት ብዬ እስከ እንጅባራ አልተነቃነቅሁም፤ ለዋሸሁባት ልጅ ያደረግሁላት ውለታ ይኸው ነው።

እታለም፣ በራስሽ ላይ እንዳትፈርጂ። ያኔ እመቤትን አርግዘሽ አረቄ አማረሽ። ነፍሰ ጡር ያማራት ከቀረባት ልጁ ላይ ምልክት ይወጣል ተባለ። ከአዲስ ቅዳም ከተማ ጠርሙሱን ያመላለስሁት እኔ፤ ሰፈሩም «የእህቱን አምሮት የማያስቀር» ብሎ የመረቀው እኔን። አንድ ጧት «ይብቃኝ፣ አቅለሸለሸኝ» ስትዪ «ጠጪ፣ ልጁ ይጠነክራል» ብዬ የቀዳሁትም እኔ ነኝ። ምልክት እንዳይወጣባት ብዬ ምልክቱን በጠርሙስ ተሸክሜላት መጣሁ። ያን ጊዜ ሁላችንም አናውቅም ነበር። ሐኪሙ ፊት ግን እያወቅሁ ዋሸሁ።

ባለፈው ሰኞ ተመልሼ ሄጄ፣ ያንቺን አፍ ሳይሆን የእኔን እጅ አስቀድሜ፣ እውነቱን ነገርሁት። «መጠጡ በማሕፀን ሳለች ጎድቷታል፤ ተሽሎ የሚጠፋ ነገር አይደለም፤ በሚገባት መንገድ ካስተማራችኋት ግን ትማራለች» አለ። አሁን ትሕትና ከፊት አስቀምጣታለች። አንድ ነገር ታዛታለች፣ ሲያልቅ ሌላውን። የቀኑ ሥራ በሥዕል ተስሎ ዴስኳ ላይ ተለጥፏል። ማስጠንቀቂያዎቹን ቀደድሁ፣ ሰብሳቢነቱንም ለቀቅሁ። በሰልፍ ፊት ይቅርታ ብጠይቃት ልጅሽ ቀና ብላ «ለምኑ?» አለችኝ። ረስታዋለች። ይኼ ከሁሉ ባሰብኝ።

አንድ ነገር ልለምንሽ። እሑድ ስትደውዪ «ደኅና ነሽ? ምን ተማርሽ? ማን መታሽ?» እያልሽ አታከታትዪባት። አንዱን ጠይቂያትና ጠብቂ። ዝም ስትል ኔትወርክ ሄደ ብለሽ እንዳትዘጊው። መልሱን እየፈለገችልሽ ነው።

እማዬ ጉንጭሽን አገላብጣ ትስምሻለች። የባለቤቴ የሸጋም ናፍቆት ይድረስሽ። እመቤት «እናቴን ሰላም በልልኝ» ብላ ይህን ስጽፍ ሦስት ጊዜ ነገረችኝ፤ ሦስቱንም ተቀበዪ።

ያፈረው ወንድምሽ ወገኔ

እንጅባራ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.