የእመቤታችን ጣቶች ከሁለተኛ ክፍል ስለ መባረራቸው

ለተከበሩ የመንደራችን ካቶሊክ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር፣ ለአቶ አላፓቲ፤

በቅድሚያ ጤናዎ እንደ ደንብዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም ምንም እንደማይጸጽተው ሰው እንቅልፍ የሰላም ይሁንልዎ እያልኩ፣ እኔ ምንጣፍ ሠሪዋ ኢማኩላታ፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋ የላንጊ እናት፣ በመላዋ ደሴታችን በሳቫይኢ ፊት እጅ እነሣለሁ።

1. ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያለውን የሥዕል ትምህርት በደረጃ ስለ ከፋፈሉልን ምስጋናችን ወሰን የለውም። በሁለተኛ ክፍል እጅ ድቡልቡል እንዲሆን፣ ጣት በአምስተኛ ክፍል እንዲበቅል፣ ጥላም ሰባተኛ ክፍል ሳይደርስ ማንንም እንዳይከተል መወሰንዎ፣ ፈጣሪ በስድስት ቀን ተቻኩሎ የሠራውን በስምንት ዓመት ረጋ ብሎ ማረም ነውና ድካምዎ ቀላል አይደለም።

2. ልጄ ለነጩ እሑድ፣ ለልጆቻችን በዓል፣ እመቤታችን ማርያምን እንደ መንደራችን ሴቶች እግሯን አጣጥፋ ምንጣፍ ስትሠራ ሣለቻት። አሥሩም ጣቶች ነበሩ። የግራ አውራ ጣቷ እንደ እኔው ጎበጥ ብሏል፤ ላንጊ ከሕፃንነቷ ጀምሮ አጠገቤ ተቀምጣ ስታየው የኖረችው እሱን ነዋ። እርስዎ ግን የሀገረ ስብከቱ እንግዶች ሁለተኛ ክፍል ከአምስተኛ ክፍል በልጦ ቢያዩ «ታዲያ እድገቱ የታል?» ይሉኛል ብለው ሰጉ። መምህርት ኤሴታን አዘዟት፤ እሷም እንባዋን እየዋጠች ጣቶቹን በቡናማ ቀለም ደፈነቻቸው። በበዓሉ ዕለት የመንደሩ ሰው ሥዕሉ ፊት ቆሞ «ማርያም ሁለት ጎደሬ ይዛ ወዴት ነው?» እያለ ሲጠያየቅ፣ እርስዎ በዚያው ሥዕል ላይ እያመለከቱ ለእንግዶቹ ስለ ደረጃ በደረጃ እድገት ማብራሪያ ሰጡ። እንዲህ ያለ ድፍረት ለሁሉም አይሰጥም።

3. እስከዚህ ድረስ ንቀቴን በማር ለውሼ ላቀርብልዎ ሞክሬ ነበር፤ ማሩ አለቀብኝ። ላንጊ ባለፈው ሰኞ እኔን ሣለችኝ። ፊቴ አለ፣ ምንጣፉም አለ፣ ክንዴ ግን ድቡልቡል ሆኖ ያልቃል። «ጣቴስ፣ የኔ ልጅ?» ብላት፣ «ጣት እኮ የአምስተኛ ክፍል ነው፣ እማዬ። ስደርስ እሠራልሻለሁ። እስከዚያ ከረሳሁት ታሳዪኛለሽ፣ እሺ?» አለችኝ። የሚያይ ዐይን ይዛ መጥታ፣ አለማየትን አስተምረው መለሱልኝ። ይህን ይቅር አልልዎትም። ስለዚህ ከእንግዲህ በሥዕል ክፍለ ጊዜ ልጄ ከእኔ ጋር ምንጣፍ መሥሪያው ቤት ትውላለች፤ ቀሪ ብለው ቢመዘግቧት ክብራችን ነው።

ለሚቀጥሉት ሦስት ዓመታት ጣት የማይኖራት፣ ይህንንም ደብዳቤ እንዴት እንደ ጻፈችው ራሷን የሚገርማት፣
ትሑት አገልጋይዎ ኢማኩላታ

ማስታወሻ፦ ላንጊ የእርስዎንም መልክ ሠርታለች። ጆሮ የሚፈቀደው ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ መሆኑን ስለ ነገሯት አልጨመረችበትም። አብረውኝ ምንጣፍ ለሚሠሩት ሴቶች ባሳያቸው ግን አንዷም «ማን ነው?» ብላ አልጠየቀችም።