የሺ አልሳፈርባትም ያለቻት መኪና

ሰኔ 2 ቀን 1961፣ ሰኞ። ፍኖተ ሰላም

ዛሬም አልመጣችም። ሰው ላክሁባት፤ መልሷ ያው ነው። «የኋላው ፍሬን ካልተሠራ ልጄን ይዤ እዚያ ሣጥን ውስጥ አልገባም።» ሣጥን! መኪናዬን ሣጥን አለቻት።

እውነቷን ነው እንጂ። ያን ዕለት ከማንኩሳ ስንመለስ ጅረቱን ተሻግረን ቁልቁለቱን እንደያዝን ፍሬን ብረግጥ ማን ሰምቶኝ! የኋላው ፍሬን ታምቡር ውሃና ጭቃ ጠጥቶ ነበር። ታምቡር ማለት ክዳኑ የተገጠመ ድስት ነው፣ አንዴ የገባበት ቶሎ አይወጣም። መንገዱ ላይ የነበረ ገበሬ በሬዎቹን ፈጥኖ ባያሸሽ ጉድ ፈልቶ ነበር። በማግስቱ ባለቤቴ የሺ ጡት ያልጣለች ልጃችንን አዝላ ማንኩሳ አባቷ ቤት ገባች።

ወሬው ከተማውን ሞልቶታል። ትናንት «ቡሬ! ቡሬ!» እያልኩ ተሳፋሪ ስጠራ አንዱ «መጀመሪያ ባለቤትህን አሳፍር» አለኝ። ሁሉም ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ውስጤ ግን አርሯል።

ተገኘ መካኒኩ ከቡሬ ልኮብኛል። ገደል የገባች አዲስ የጣሊያን መኪና ገዝቷል። ፊቷ ድቅቅ ብሏል፣ የኋላዋ ደህና ነው፣ ያውም ዲስክ ፍሬን አላት። «ያንተን ድስት አውጥተን ዲስኩን እንገጥማለን» ይላል። ይሆናል? እንጃ። ነገ እሄዳለሁ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ። ቡሬ

ዲስኩን አየሁት። ልሙጥ የብረት ሳህን ነው፤ ከጎማው ጋር ይዞራል፣ ፍሬን ሲረገጥ ሁለት የፍሬን ሸራ ከግራና ከቀኝ ጨምድዶ ይይዘዋል። ሽፋን የሚባል ነገር የለውም። ውሃ ቢነካው እየዞረ ይረጨዋል። ወደድኩት።

ግን እምቢ አለ። የቡሎኑ ቀዳዳ አልገጠመም፣ እንደገና ተበሳ። የእጅ ፍሬኑ ገመድ አጠረ። የዘይቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል። ተገኘ ምን ተዳው! «አስመራ ሳለሁ» እያለ ያወራል፣ ያፏጫል፣ ይሠራል። እኔ ክሪክ እየያዝኩ እሳደባለሁ። ፊት ለፊቱ አይደለም፣ በሆዴ።

ዛሬ ያልቃል ስል መሸት ሲል መሣሪያውን ሰበሰበ። ነገ አቦ ነው አለኝ።

«ተገኘ፣ ስለ አቦ ብለህ!»

«ስለ አቦ ብዬ ነው የማልሠራው።»

ሚስቴ ማንኩሳ፣ መኪናዬ ድንጋይ ላይ፣ እኔ ቡሬ። ነገ ሙሉ ቀን ተጎልቼ ልውል ነው።

ሰኔ 7፣ ቅዳሜ። ማንኩሳ፣ አማቶቼ ቤት

ያዘች! ከቡሬ መውጫ ቁልቁለት ላይ ረገጥኳት፣ ቀጥ። እንደገና ረገጥኩ፣ ቀጥ። ብቻዬን ጮህኩ። አንድ ቄስ በበቅሎ ሲያልፉ አማተቡብኝ።

ማንኩሳ ስደርስ አማቴ ባላምባራስ እንግዳ ዱላቸውን ይዘው ዞሯት። ብረት የሚወዱ ሰው ናቸው፤ ጠመንጃቸውን የሚያዩት ከልጆቻቸው ለይተው አይደለም። ጎንበስ ብለው ከጎማው ጀርባ ዲስኩን አዩት። «ይኸ ነው? እንዲህ ገላውን ገልጦ ነው የሚሄደው?» አሉ። አዎ አልኳቸው። አልተዋጠላቸውም።

የሺ ልጅቱን አቅፋ በሩ ላይ ቆመች። ነዳሁ፣ ቆምኩ። ነዳሁ፣ ቆምኩ። ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንሄዳለን አለች። ሌላ ምን እፈልጋለሁ! ዝናቡ እየወረደ ነው። ዛሬ እንቅልፌን እተኛለሁ።

ሰኔ 8፣ እሑድ



ጠዋት ስነሳ ባላምባራስ ቀድመውኝ መኪናዋ ዘንድ ነበሩ። «ብረት ያለው ሰው እንዲህ አይተኛም» አሉኝ። ሳቅሁ። ቅዳሴ ወጣ፣ ስንቅ ተጫነ፣ ተመረቅን፣ ሄድን። ማንኩሳን እንደወጣን ወዳለው ድልድይ ቁልቁል ስንወርድ ረገጥኩ። የፊቱ ያዘ፣ የኋላው የለም! እርጥብ ጠጠር ላይ መኪናዋ ዞረች። የእጅ ፍሬኑን ሳብኩ። ምንም። መሪውን ወደ ታረሰው ማሳ ጠመዘዝኩት፣ ጭቃው ውጦን ቆምን።

ልጅቱ ታለቅሳለች፣ እግዚአብሔር ይመስገን ታለቅሳለች። የሺ እጇን እግሯን እያገላበጠች አየቻት። ከዚያ ወርዳ በእግሯ ወደ ማንኩሳ ተመለሰች። እየተከተልኩ «የሺ፣ እባክሽ» ብል ዞር ብላ «ሰው ሳትገድል ይቺን መኪና ተዋት» አለችኝ። አልፈርድባትም፣ ፊቷ እንደ አመድ ነበር።

ማታ ባላምባራስ ጎረቤት በተሰበሰበበት «ልጄን ከዚህ ሰው ጋር አልሰድም» አሉ። እኔ እዚያው ተቀምጬ። ምድር ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ተገኘ በጭነት መኪና ማሳው ድረስ መጣ። ገና ሳይወርድ ጮህኩበት። ሰነፍ አልኩት፣ ነፍሰ ገዳይ አልኩት፣ ሌላም ያልኩትን እዚህ አልጽፈውም። ጎማውን ፈታ፣ ዲስኩን በጣቱ ዳሰሰ፣ ጣቱን አሸተተ።

«ሞራ ነው።»

«ምን?»

«ሞራ! ዲስክ ላይ ቅባት! ሸራው ምኑን ይዞ ይቁም? ማነው መኪና ሞራ የሚቀባ?»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቅዳሜ ሌሊት ዝናብ ነበር። ገላውን የገለጠ ብረት ዝናብ ካደረበት ጠዋት ቀይ ነው። ዝገቱን የመጀመሪያው ፍሬን ይጠርገዋል፣ ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ባላምባራስ ከየት ያውቁታል? ጠመንጃቸው ዝናብ ሲነካው ሞራ ያሹታል። ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የሚሄዱበትን ብረትም አሹት። በፍቅር!

ተገኘ ሂድና ንገራቸው ይላል። «ልጅዎን ሊጨርሷት ነበር» ብዬ በየትኛው አፌ? አማቴ ናቸው፣ ያውም ያን ያህል ሽማግሌ። ተገኘም ተቆጣ። «ስሜ ጠፍቷል! ተገኘ የገጠመው ፍሬን ሰው ሊፈጅ ነበር እየተባለ ነው። እስከ ሚካኤል ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ።» እሱም እውነቱን ነው። ደግሞ ዝም ብላቸው ነገም ሊቀቡት ነው።

ዲስኩን በቤንዚን አጠበ፣ ሸራውን አውጥቶ እሳት ላይ አደረቀው። እኔ ስሰድበው የዋልኩት ሰውዬ ምሳውን አካፈለኝ። አፈርኩ።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ። ማንኩሳ

ስሄድ መንገዱን ሁሉ የምናገረውን አጠና ነበር። ደርሼ ውሃ እንኳ ሳልጠጣ ጀመርኩ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። ተገኘ በደንብ ነው የሠራው። ጠዋት ዝገት አየሁና ሞራ ቀባሁት። ቅባት ሲነካው ፍሬኑ አይዝም።» አማቴ ወይዘሮ ጥሩወርቅ «በስመ አብ!» አሉ። ባላምባራስ እሳቱን ያያሉ።

የሺ ትኩር ብላ አየችኝ።

«በሰኔ ጾም ሞራ ከየት አገኘህ?»

ይህን አላጠናሁም። «ከ... ቡሬ» አልኩ። ከቡሬ! እንደ እኔ ያለ ውሸታም የትም የለም። ከዚያ ባላምባራስ ተነሱ፤ ከጠመንጃው ሥር የተሰቀለውን የሞራ ቀንድ አውርደው ልጃቸው ፊት አስቀመጡት። «ሰውየውን ተይው። ከዚህ ነው። እኔ ነኝ የቀባሁት። ዝጎ ሳየው አንጀቴ አልቻለም» አሉ። ነጠላቸውን ሳይለብሱ ወደ ውጭ ወጡ።

የሺ አለቀሰች። ከዚያ በእኔ ላይ ዞረች። «አንተስ? እዚያ ሁሉ ሰው ፊት ሲያዋርዱህ ለምን ዝም አልክ?» አባትሽ ናቸዋ፣ አልኩ። ባላምባራስ እራት አልበሉም።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ፣ ሚካኤል። ፍኖተ ሰላም

ሌሊቱን ደግሞ ዘነበ። ጠዋት ዲስኩ ቀይ ነበር። ባላምባራስ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አጥሩ ጋ ቆመዋል፣ ወደ መኪናዋ አይቀርቡም። ለመሰናበት ሄጄ ጉልበታቸውን ልስም ስል አንስተው አቀፉኝ።

የሺ ልጅቱን ይዛ ወጣች። መኪናዋን ዞራ አየቻት። የፊቱን በር ከፈተች። «አባባ፣ ይግቡ» አለች። እሳቸው አመነቱ። ጎትታ አስገባቻቸው፣ ልጅቱን እቅፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው፣ እሷ ከኋላ ገባች። ሜዳው ላይ ደጋግሜ ረገጥኩና ወርደን ዲስኩን አሳየኋቸው። ዝገቱ ተጠርጎ ነጥቷል። «ራሱን በራሱ?» አሉ። ራሱን በራሱ አልኳቸው።

ቁልቁለቱ ጋ ደረስን። ማሳው ላይ የጎማችን ምልክት አሁንም አለ። ረገጥኩ። ቀጥ።

«ድገመው» አለች ከኋላ።

ለቀቅኩ፣ ረገጥኩ። ቀጥ።

«ድገመው።»

ደገምኩ። ባላምባራስ ልጅቱን ጥርቅም አድርገው ይዘው፣ እግራቸው የሌለ ፍሬን ይረግጣል። በመስታወቱ የሺን አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች።

«በል ንዳ» አለች።

ነዳሁ።