ልቤ ደህና ነው፤ የታመመው ሰዓቱ ነው

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ የሺሀረግ፤ ደብረ ታቦር።

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ ይህን ክረምት እንዴት አለፈው? ዓይንሽ ከታከምሽ ወዲህ መርፌ ማየት ቻለ ወይስ አሁንም ክሩን የምታሾልክልሽ ሸዋዓለም ናት? የጋሼ ኃይሉ ሳልስ ለቀቃቸው? ላሚቱ ወለደች? ጎረቤቱ፣ ማኅበርተኛው ሁሉ ሰላም ነው? እዚህ ማንን አይተሽ ደስ ይበልሽ ብባል መጀመሪያ የምጠራው ያንቺን ስም ነው።

ደብዳቤ ላይ መቼም እኔ ደህና ነኝ ማለት ወግ ነው፤ አልጋ ላይ የዋለ ሰው እንኳ እንደዚያ ብሎ ነው የሚጽፈው። የእኔን ግን እንደ ወግ አትቁጠሪው። ልቤ ደህና ነው። የልብ ሐኪም አይታ፣ መርምራ፣ ምንም የለብሽም ብላኛለች። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት የቀረውን ተረጋግተሽ እንድትሰሚው ነው። በይ አሁን እንባሽን ጥረጊና ሸዋዓለም ታንብብልሽ። ጽሑፌ እየተንጋደደ ቢያስቸግራት እንዳትስቅብኝ፤ ምክንያት አለኝ፣ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

ነሐሴ ላይ ደውዬ ልቤን ሳያመኝ አይቀርም ስልሽ፣ ለቅሶሽን ሰምቼ ሳልጨርስ መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ ሞከርኩ፣ እንቢ አለኝ። ሰሞኑን ከእናንተ ዘንድ የመጣች ሴት ቤተ ክርስቲያን አግኝታኝ ለማርያም ጃንጥላ እንደተሳልሽልኝና ከጾምም በላይ እንደምትጾሚ ነገረችኝ። እኔን አፈር ያርገኝ! በዚያ ጉልበትሽ ላይ ደግሞ ጾም! ዓብዩ፣ ሎንድሪ አብሮኝ ይሠራ የነበረው ልጅ፣ እናቱን ሊጠይቅ ባሕር ዳር እንደሚሄድ ስሰማ እግሩ ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ደብረ ታቦር ድረስ ሄዶ በእጅሽ እንዲሰጥሽ አስምዬዋለሁ።

ነገሩን ከመነሻው ላጫውትሽ። ሄለን ማርገዟን የነገረችኝ ዕለት፣ ይህን ልጅ የማዝለው እኔ ነኝ አልኳት። ለምን እንዳልኩ አንቺ አይጠፋሽም። ሄለንን ስምንት ወሯ ሆኖ፣ ጥርስ ስታወጣ ነው ላንቺ ትቻት ቤሩት የሄድኩት። ከቤሩት ወደዚህ ወደ አሜሪካ ዞርኩ። ወረቀቷ አልቆ አየር ማረፊያ ስቀበላት አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር፤ ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል፣ ማን ያዝላታል? ያዘልሻትም፣ ያጎረስሻትም፣ ፀጉሯን የሠራሽላትም አንቺ ነሽ። ዕድሜ ይስጥሽ። ግን የገዛ ልጄን ጀርባዬ ላይ አዝዬ ሳልጠግብ ማርጀቴ ሁሌ ይቆጨኛል።

ሄለንም ገባት። ዴይኬር፣ ሕፃናት ማዋያ፣ አንሰጣትም፣ ማሚ ትይዝልናለች ተባለ። እኔም ለአለቃዬ መስከረም ላይ ሥራ እለቃለሁ አልኩ። አንቺም አንቀልባውን አሠርተሽ በሰው ላክሽልኝ። ያ በዛጎል ያጌጠው አንቀልባ ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርሰኝ ምን እንዳደረግኩ ልንገርሽ? በሬን ቆልፌ፣ መስታወት ፊት ቆሜ፣ ትራስ አዝዬ እሹሩሩ ስል ዋልኩ! አንድ ሰው ቢያየኝ ኖሮ አሁን ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ከሌላ ዓይነት ሆስፒታል ነበር።

ግንቦት ላይ እዚህ የእናቶች ቀን የሚሉት አለ። ኢዛና፣ የሄለን ባል፣ ያንን ከስልክ ጋር የሚነጋገር ሰዓት ገዝቶ አመጣልኝ። ልጁ ጨዋ ነው፤ እዚህ ተወልዶ እንኳ ሊያከብረኝ ይጥራል፤ አንቱ እንዴት ነሽ ይለኛል፣ እኔም ደህና ነኝ እለዋለሁ። ሰዓቱ እርምጃሽን ይቆጥራል፣ እንቅልፍሽን ይቆጥራል፣ የልብሽንም ምት ይቆጥራል። የቆጠረውን ደግሞ ለእሱም ለሄለንም ስልክ ይናገራል። እኔም አመስግኜ በግራ እጄ፣ ሁልጊዜ ሰዓት በማስርበት ቦታ አሰርኩት። የት እንደሆነ ታውቂያለሽ፤ ንቅሳቴ ላይ፣ መስቀሉና ዙሪያውን የከበቡት ነጠብጣቦች ላይ። እዚህ አገር እንደመጣሁ ሰው ሁሉ ምንድን ነው፣ ያማል ወይ፣ እስር ቤት ነበርሽ ወይ እያለ ሲያሰለቸኝ፣ በሰፊ የወንድ ሰዓት መሸፈን ለመድኩ። የእነሱን ስትሰሚ ያንቺን እጅ ባዩት ብለሽ ትስቂያለሽ፤ ያንቺማ እስከ ክንድሽ ነው።

ሰኔ ላይ ጉድ ፈላ። እነሄለን ቤት አሌክሳንድሪያ ሶፋ ላይ ተቀምጬ ገና ያልተወለደችውን ልጅ ልብሶች ሳጣጥፍ ሰዓቱ እጄን ይነዝረኝ ጀመር። ምን እንደሆነ ሳላየው ኢዛና ከፎቅ እየሮጠ ወረደ። ልብሽ በደቂቃ መቶ ስድሳ ስምንት ይመታል፣ እንዳትነሺ፣ ውሃ ጠጪ አለኝ። ወይ ጉድ! የገዛ ልቤ ለእኔ ሳይነግረኝ ለአማቼ ስልክ ተናገረ። እኔ ምንም አልተሰማኝም ብል ማን ይስማኝ። በማግስቱም ደገመው። ሌላ ቀን ደግሞ ደረጃ ስወጣ አርባ ነው አለ፤ ለሞት የቀረብሽ ነሽ ማለት እኮ ነው።

ሄለን ፊቷ አመድ መሰለ። የአባባን ነገር ታውቃለች፤ ከማሳ ተመልሶ ውሃ አምጡልኝ እንዳለ ደጃፉ ላይ መቅረቱን አንቺው ራስሽ ነግረሻታል። ሆስፒታል ይዘውኝ ሮጡ። እዚያ ሲያዩት ልቤ ደህና ነው፤ ግን አንዳንዱ ሕመም እየመጣ የሚሄድ ነው፣ የልብ ሐኪም ይያት አሉ። የልብ ሐኪም ቀጠሮ ደግሞ እዚህ በቀላሉ አይገኝም፤ ክረምቱ እስኪያልፍ ጠብቂ ተባልኩ። እስከዚያ ድረስ ያ ሰዓት በየጊዜው ይጮኻል። እኔም እንዳልዋሽሽ እያመንኩት መጣሁ። መጀመሪያ ሰዓቱ ይጮኻል፣ ከዚያ እኔ እደነግጣለሁ፣ ከዚያ ልቤ እውነትም ይደልቃል። ስግደት ተውኩ፤ ደረጃ ስወጣ መሐል ላይ ቆሜ አማትባለሁ። ሲመሽ አባባ በዓይኔ ላይ ይመጣብኛል።

ሐምሌ ላይ ኤልዳና ተወለደች። ውብ ናት፣ ግንባሯ ቁርጥ ያንቺ። ግን እኔ እንደ ማንም ጠያቂ እንግዳ ሆንኩ እልሻለሁ። መጀመሪያ ሶፋ ላይ አስቀምጠው ግራና ቀኜን በትራስ ይደግፉኛል፤ ቀጥሎ ሕፃኗን ጭኔ ላይ ያኖሯታል። ኢዛና ደግሞ ፊት ለፊቴ ጎንበስ ብሎ ሁለት እጁን ዘርግቶ ይቆማል፣ ከእጄ ስትወድቅ ሊቀልብ! ቆሜ ላቅፋት አልተፈቀደልኝም። አንቀልባውን ሄለን አጣጥፋ ክሎዜት፣ የልብስ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስገባችው። አንድ ቀን ከእኔ ጋር ብቻዋን ትታት ወደ ሱቅ እንኳ አልሄደችም። ከዚያ በነሐሴ መጨረሻ፣ ጥቅምት ላይ ሥራ ልትመለስ ነውና፣ ማሚ ፕሊስ አትዘኚብኝ፣ ዶክተሩ ኦኬ እስኪልሽ ሪስክ መውሰድ አልችልም፣ ዴይኬር አስመዝግበናታል አለችኝ። አልተቆጣኋትም፤ እናት ናት፣ ምን ታድርግ? መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። አለቃዬንም እባክህ ሥራዬ ላይ ልቆይ ብዬ ለመንኩት።

መስከረም ላይ ቀጠሮው ደረሰ። ሐኪሟ ሕንዳዊት ናት፣ ፊቷ ሳቂታ። ደረቴ ላይ ትንሽ ነገር ለጥፋ ልብሽን ሌት ተቀን ይመዘግባል፣ ሰዓቱንም አታውልቂ፣ ከሳምንት በኋላ ተመለሺ አለችኝ። ስንመለስ ሄለን ሰዓቱ የጮኸበትን ሁሉ በስልኳ አሳየቻት። ሐኪሟ ደረቴ ላይ ከለጠፈችው ጋር አስተያየችና ደግማ አስተያየች። እኔ ይህን አይቼ በቃ አለቀልኝ አልኩ። ለካ የተገረመችው በሌላ ነው፤ ሰዓቱ መቶ ስድሳ፣ መቶ ሰባ ብሎ በጮኸበት ጊዜ ሁሉ ልቤ በሰላም ሰባ ሲመታ ኖሯል! እጅሽን አምጪ፣ ሰዓቱን አውልቂ አለችኝ። ሳወልቀው መስቀሉ ብቅ አለ።

ሴትየዋ ሳቀች እልሻለሁ። ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን አለው፤ ያ ብርሃን በቆዳ ውስጥ ገብቶ የደሙን ፍሰት እያየ ነው የልብን ምት የሚገምተው። ቀለም ያለበት ቆዳ ላይ ሲሆን ብርሃኑን ቀለሙ ይውጠዋል፣ ሰዓቱም የማያየውን ይቀባጥራል ብላ አስረዳችን። በምን ተነቀስሽው አለችኝ። በጥላሸትና በመርፌ አልኳት፤ እህቴ አንገቴን አንቃ ይዛኝ፣ እኔ መንደሩን በጩኸት ሳቀልጠው። ከዚያ ሰዓቱን ንቅሳት በሌለው በቀኝ እጄ አሰረችውና ሁለት ጣቷን ግራ እጄ ላይ፣ እዚያው መስቀሉ አጠገብ አኑራ ቆጠረች። ሁለቱ ገጠሙ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! ደም ግፊቴ ብቻ ትንሽ ከፍ ስላለ ጨው ቀንሺ ተብያለሁ። ደግሞስ በዚያ ሰዓት ያን ሁሉ ቀን ተሸብሬ ባይጨምር ይገርመኝ ነበር።

መኪና ውስጥ ገብተን ሄለን ሞተሩን አላስነሳችም። መሪውን ይዛ ታለቅሳለች። ምነው፣ ደህና ነሽ ተብዬ ታለቅሺያለሽ አልኳት። የፈራሁት ለሕፃኗ ብቻ አልነበረም ማሚ፤ አንቺን ያገኘሁሽ ካደግኩ በኋላ ነው፣ ገና ሳልጠግብሽ እንዳላጣሽ ነው አለችኝ። ይህን ቃል ከእሷ አፍ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ሁለታችንም ፓርኪንግ ውስጥ ስንላቀስ ቆየን። ከዚያ ስንስቅ። ቤልትዌይ የሚሉት የቀለበት መንገድ ተዘጋግቶ፣ ድልድዩ ላይ መኪናው እንደ ኤሊ ሲጎተት እንኳ አልከፋንም።

ቤት ስንገባ ኢዛና ሕፃኗን ይዞ ይዞራል። ነገሩን ስትነግረው ያን ሰዓት የገዛሁት እኔ ነኝ ብሎ በሀፍረት ውሃ ሆነ፤ አንቱ ይቅርታ አድርጊልኝ አለኝ፣ የማይቀየሙት ልጅ። ሄለን ክሎዜቱን ከፍታ አንቀልባውን አወጣችው። አዙሪልኝ ጀርባሽን አለችኝ። እኔ አስተሳሰሩ ጠፍቶብኝ ነበር፤ እሷ ግን እያወቀች ታስረዋለች፣ በዚህ በኩል ሳብ፣ በዚያ በኩል ሽቅብ። የት አየሽው ብላት፣ እማዬ የሺ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ሲደክመኝ እንዲህ ነበር የምታስረኝ አለች። አየሽ፣ እህቴ? ልጄን አዝዬ ላላሳደግኩት ለእኔ፣ ማዘልን እሷ አሳየችኝ፤ እሷን ያሳየሻት ደግሞ አንቺ።

ዴይኬሩ ቀርቷል። ሥራዬንም ለቅቄያለሁ። ሰዓቱን ቀኝ እጄ ላይ አድርጌዋለሁ፣ የማየው ግን ስንት ሰዓት እንደሆነ ብቻ ነው። የግራ እጄን ከእንግዲህ አልሸፍነውም፤ የጠየቀኝ ሁሉ ይጠይቅ፣ ጊዜ አለኝ፣ አወራዋለሁ። ስለ ስለቱ ደግሞ አሰብኩበት። ላልነበረ በሽታ የተሳልሽው ጃንጥላ ይገባል ወይስ ይቀራል ብዬ ቄሱን ልጠይቅ ነበር፤ ተውኩት። አግቢው። በልቤ ስም ሳይሆን በኤልዳና ስም አግቢው። ጾሙን ግን ዛሬውኑ ተይልኝ፣ በሞቴ፤ ጠግበሽ ብዪ። አንቺም ሐኪም ቤት ብቅ በዪና ግፊትሽን ተለኪ፤ ሰዓት የሚባል ነገር ሊያስሩልሽ ቢመጡ ግን እጅሽን ደብቂ።

ጋሼ ኃይሉን ጉልበት ስሜልኝ፤ ለሳላቸው ማር ላኪልን እያሉ የሚቀልዱትን አልረሳሁም፣ ማሩ የእናንተ አገር እንጂ እዚህ የለም በያቸው። ሸዋዓለም ድምፅሽ አይሰበር፣ ሳትስቂ ስላነበብሽ ለሠርግሽ ጫማ አለሽ። ለጎረቤታችን ለእማማ፣ ለማኅበርተኞቹ፣ በስሜ ጧፍ ላበሩልኝ ሁሉ ባዩሽ ደህና ናት በዪልኝ። ኢዛና አንቱ እንዴት ነሽ ይልሻል። ሄለን ዓይንሽን ትስመዋለች፤ አሁን ሥራ ላይ ናት፣ እሱም እንደዚሁ።

እንግዲህ ጽሑፌ ለምን እንደተንጋደደ ልንገራችሁ። የምጽፈው ኩሽናው ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብዬ፣ ቆሜ ነው። ቤት ውስጥ ከእኔና ከኤልዳና በቀር ማንም የለም። ጀርባዬ ላይ ተኝታለች፤ ከተቀመጥኩ ትነቃብኛለች።

እህትሽ ባዩሽ
አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት ፳፬ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.