ገመዱን የቆረጥኩት እኔ ነኝ

ለማከብርዎትና ለምናፍቅዎት አባቴ ለአቶ ሕዝቅኤል፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ብርዱ ሲገባ ይጠናብዎታል ብዬ እሰጋለሁ። እማዬስ ሳሉ ለቀቃት? እንሰቱን የያዘው በሽታ ቆመ ወይስ ወደ ታችኛው ጓሮም ተሻገረ? እኔ በጤናዬ ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሐሳቤ ግን አላረፈም። በስልክ እንዳልነግርዎት አጎቴ በርናባስ አጠገቤ ተቀምጠው እያንዳንዱን ቃሌን ያርማሉ። ስለዚህ መጻፍ መረጥኩ።

በስርቆት ተከሰሰች ብለው የነገሩዎት እውነት ነው። ያልነገሩዎትን እኔ ልንገርዎት።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከእንጦጦ በእግሬ ስወርድ ባሕር ዛፉ ውስጥ አንዲት አህያ አየሁ። ጀርባዋ ተልጦ ቁስሉ ይሸታል፤ አንድ እግሯን መሬት አታስነካም። አንገቷ ከግንድ ጋር በአጭር ገመድ ታስሯል፤ ሣሩ እንኳ አይደርሳትም። እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት "ተያት እህቴ፣ ለጅብ ናት" ብላኝ አለፈች። በኋላ እንደተረዳሁት፣ አህያዋ አልሠራ ስትለው በእጁ መግደል ነውር የሚሆንበት ሰው አለ። ዝም ብሎ እንዳይለቃት ቤቷን ታውቃለችና ትመለስበታለች። ስለዚህ ያስራታል።

ቋጠሮው በዝናብ ጠብቆ አልፈታ ቢለኝ ገመዱን በድንጋይ ስፈገፍግ ቆይቼ ቆረጥኩት። እያሳረፍኩ ቤት አደረስኳት። ጎረቤታችን ናዲያ የእንስሳት ሐኪም ናት፤ ቁስሉን እያጠበች አዳነቻት። አሁን ቀጥ ብላ ትሄዳለች።

ጥፋቷ መዳኗ ሆነ። አቶ ወልደ ሐዋርያት የሚባል እንጨት ነጋዴ በበራችን ሲያልፍ አያትና አህያዬ ናት ብሎ ፖሊስ ይዞ መጣ። ሙሉ ቀን ጣቢያ አስቀመጡኝ። ለመርማሪው "ለጅብ አስሯት ነበር" ብዬ ብነግረው "ከታሰረች ባለቤት አላት ማለት ነው። ተበድያለሁ ካለች ራሷ መጥታ ታመልክት" ብሎ ሳቀብኝ። ሰፈሩም "የአህያ ጠበቃ" እያለ ይጠራኛል። ይጥሩኝ፤ ከዚህ የከፋ ደንበኛ ያላቸው ጠበቆች አሉ።

አባቴ፣ ሕግ የተማርኩት በእርስዎ ልፋት ነው፤ ስለዚህ ሕጉን ላስረዳዎት። አህያዋ በሕግ ዓይን እንደ ወንበር ተንቀሳቃሽ ንብረት ናት። እንስሳን ማሰቃየት ያስቀጣል የሚል አንቀጽ አለ፤ ከሚያሰቃያት እጅ ማውጣት ይፈቀዳል የሚል ግን ፈልጌ አጣሁ። ሰው ትቶ የጣለውን ያነሣ አይጠየቅም። ፈትቶ ለቋት ቢሆን ኖሮ ማንም አይነካኝም ነበር። እንድትሞት አጥብቆ ስላሰራት ግን የእሱ ሆና ቀረች። ይህን እያሰብኩ እንቅልፍ ያጣሁባቸው ቀናት አሉ።

አጎቴ የሚሉኝ "ልቅ አገኘኋት በይና ነገሩ ይብቃ፤ ሌባ ከተባልሽ የጥብቅና ፈቃድ የሚሰጥሽ የለም" ነው። እርስዎም ባለፈው በስልክ "እንደሚሉሽ አድርጊ" አሉኝ። ድምፅዎ ደክሞ ነበርና መልስ አልሰጠሁም። መልሴ ይኸው፤ አላደርገውም። ልቅ ነበረች ካልኩ ያ ሰው አዝኖ የለቀቃት ደግ ሰው ሆኖ በመዝገብ ይጻፋል። ያን ውለታ ከእኔ አያገኝም። የእነ አስካለች ጊደር ጉድጓድ ስትገባ ሳያስፈቅዱ አጥራቸውን አፍርሰው ያወጧት እርስዎ አይደሉም እንዴ? ያኔ ማን ሌባ አለዎት?

ሰኞ ችሎት አለኝ። ከእርስዎ የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አጎቴ በስሜ ሽማግሌ ልከው ይቅርታ እንዳይጠይቁ ይከልክሉልኝ። ፍርድ ቤቱ አስገድዶ ይወስዳት እንደሆነ እንጃ፤ በእጄ ግን አላስረክባትም። ገመዱን አስቀምጬዋለሁ። ገመዱ የእሱ ነው፤ ዳኛው ፊት እመልስለታለሁ። ምን ያህል አጭር እንደሆነ ሁሉም ይየው።

እማዬን አጥብቀው ይሳሙልኝ፤ ማታ ማታ ደጅ እንዳትቆም። አክስቴ መዓዛ የላከችልኝ ቆጮ ደርሶኛል፣ እጇ ይባረክ ይበሉልኝ። ባርኮትን በትምህርት ቤት "እህትህ ሌባ ናት" ቢሉት እንዳይደባደብ ይንገሩልኝ። "ገመድ ቆረጠች" ብሎ ይመልስላቸው።

ልጅዎ ጵርስቅላ
የካ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም.