በጉ የሌለበት ገጽ

ዘይነባዬ፣

አላህ ቀብርሽን ኑር ያድርገው እላለሁ፤ የት እንደሆነ ግን አላሳዩኝም።

ከሄድሽ ሦስት አረፋ አለፈ። የቀበናው ቤታችን እንዳለ ነው፤ አንቺ ትቀመጪበት በነበረው በኩል ብቻ ጣራው ያፈሳል። እኔ እልኸኛው ባልሽም ፊደል ቆጠርኩ። አትሳቂ። ቀበሌው አስገድዶኝ መሠረተ ትምህርት ገባሁ። አስተማሪዋ ጎበዝ ነዎት ብላኛለች፤ ሐሰትም አይደለም። ላስተምርህ ስትይኝ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፣ ሚስቴ ነሽ እንጂ ኡስታዜ አይደለሽም ብዬ እንቢ ያልኩት ሰውዬ ነኝ።

ፊደል እንደለየሁ ያነሳሁት ያንን ሽፋኑ የወለቀ ልብ ወለድ ነው። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ጭኜ ወርጄ፣ የጭነት መኪናዬን ሲግናል ሰፈር አቁሜ ቤት ስገባ ታነቢልኝ የነበረውን። የጎረቤቱ ልጅ ያጠፋውን፣ እኔ ነኝ ብሎ በራሱ ላይ የወሰደውን አንጥረኛ ታሪክ። የሚሰቀልበትን ግንድ ተሸክሞ ዳገቱን ሲወጣ እኔ የማየው የእንጦጦን ዳገት ነበር። ይሄ ቂል፣ ምን አገባው እያልኩ እሰድበው ነበር፤ ልቤ ግን ፈራ። ለኢብራሂም እንኳ አላህ በግ አውርዶለታል፣ የዚህ በግ የታለ ብዬ ያዝኩሽ። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ከዚያ ገጹን ገለጥሽና፣ ሽማግሌዎች ነጭ በግ እየጎተቱ ደረሱ፣ ታረቁ፣ ሰውየውም ቤቱ ገባ ብለሽ አነበብሽልኝ። እፎይ አልኩ።

በአረፋ ዋዜማ፣ ቀትር ላይ፣ አብዮት ጠባቂዎቹ የልጃችንን የሐያትን የተከለከሉ ወረቀቶች ከዱቄት በርሜሉ ውስጥ ሲያወጡ፣ የኔ ነው ብዬ ቀድሜ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። አንደኛው፣ እስቲ አባባ ያንብቡልን ብሎ ሰጠኝ። ገልብጬ ነበር የያዝኩት። ሳቁብኝ። አንቺ ከእጄ ወስደሽ አንበለበልሽው። የኔ ነው፣ ልጄ አታውቅም አልሽ። ሻሽሽን አስተካክለሽ ከእነሱ ጋር ወጣሽ።

በማግስቱ የአረፋ በጋችንን እየጎተትኩ ቀበሌ ሄድኩ። ወላሂ፣ መጽሐፉን አምኜ ነው። በጉን ተቀበሉኝ። ውጭ ቆሜ ስጠብቅ የጥብሱ ሽታ መጣብኝ። አንቺን አልሰጡኝም። ከሳምንት በኋላ ልብስሽን ሰጡኝና ለቅሶ እንዳትቀመጡ አሉን።

ባለፈው ጁምዓ የመጨረሻው ገጽ ላይ ደረስኩ፣ በጣቴ፣ ፊደል በፊደል። በግ የለም። የዘለልኩ መስሎኝ ደገምኩት። ሽማግሌም የለም። አንጥረኛው እዚያው ኮረብታው ላይ ቀረ። አስተማሪዋ ክርስቲያን ናት፤ ግንዱ መስቀሉ ነው፣ ደራሲው ክርስቶስን ሊያስታውሰን ነው አለችኝ። ይሁንላት። እኔ ያጣሁት በጉን ነው። ለእኔ ብለሽ ዋሸሽኝ፤ መጨረሻውን ግን አንቺ ታውቂው ነበር። አውቀሽ ነው የወጣሽው። ያን ወረቀት ማንበብ ብችል ኖሮ የምሄደው እኔ ነበርኩ።

ሐያትም ያኔ ስታነቢልኝ ከጓዳ ሆና የሰማችው አንቺ የፈጠርሽውን መጨረሻ ነው። ትናንት፣ አባባ እስቲ የበጉን ቦታ አንብብልኝ አለችኝ። በግ ልፈጥርላት አሰብኩ። አፌ እንቢ አለኝ። እንደተጻፈው አነበብኩላት። አለቀሰች፤ አላባበልኳትም።

ከእንግዲህ በየአረፋው፣ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት፣ ያንን ገጽ ጮክ ብዬ አነባለሁ። አንጥረኛው የሚል ላይ ስደርስ ያንቺን ስም እጠራለሁ። እስክሞት አልተውም፤ እልኸኝነቴን ታውቂዋለሽ።

አሁን ወረቀት አልገለብጥም፣ ዘይነባዬ።