እማዬ ልጄ ነው ያለችው ማንበቢያ

በዚህ ቤት ሰላም የነሳን ሌላ ማንም አይደለም፣ አንተ ነህ፣ ወንድሜ። እንዲያም ሆኖ ሰላምታዬን አልነፍግህም። ለመሆኑ እንደምን ከርመሃል? ብርድ ሲነካው የሚያምህ ጉልበትህስ ተሻለው ወይ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ አደጉ፣ ጠነከሩ? እኛ አለን። የእማዬ ዓይን በሞራው ምክንያት ከብርሃን በቀር ምንም አይለይም፤ ምግብ ግን ትበላለች፣ ጆሮዋም መስማት የምትፈልገውን ነገር አጥርቶ ይሰማል። እኔም ወገቤን ከማለቴ በቀር ደህና ነኝ።

የላክኸው የኤሌክትሮኒክ ማንበቢያ ደርሶኛል። ላመሰግንህ እስክሪብቶ ባነሳሁ ቁጥር አንጀቴ እያረረ ተውኩት። አሁን ግን የሆነውን ሁሉ ስማ።

እንደምታውቀው እኔ ፊደል የቆጠርኩት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። አንተ ትምህርት ቤት ስትገባ እማዬ "አንዱ ከተማረ ይበቃናል" ብላ እኔን ሳፋው አጠገብ አስቀረችኝ። ዩኒፎርምህን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ እጅጌው ላይ የፈሰሰውን ቀለም ሳስለቅቅ ምን ስትጽፍበት እንደዋልክ እንኳ አላውቅም ነበር። በስተርጅና፣ ቀን ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስተኩስ እየዋልኩ፣ ማታ የጎልማሶች ትምህርት ገብቼ፣ ለዚያችው እናትህ መጽሐፍ የማነብላት እኔ ሆንኩ። ሁለት ወንድማማቾች በአባታቸው ወፍጮ የሚካሰሱበትን ያን ወፍራም ልብ ወለድ ከመምህሬ ተውሼ፣ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ፣ እየተደነቃቀፍኩ አነብላት ነበር። እሷም "ፍጠኚ እንጂ፣ ፍርድ ቤቱ ሊዘጋ ነው" እያለች ታላግጥብኛለች። ታላግጥ እንጂ ትጠብቀኝ ነበር። በሕይወቴ እማዬ እኔን ስትጠብቅ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው።

ይህን እኔው ደውዬ በስልክ ስነግርህ ደስ ብሎኝ ነበር። አንተም "እንዳትደክሚ ብዬ ነው" ብለህ፣ ያንኑ መጽሐፍ ማንበቢያው ላይ ጭነህ ላክህልኝ።

ጎረቤታችን ፋርማሲስቷ አከፋፈቱን አሳየችኝ። እኔ ጣቴን ከመስመሩ ሥር ካላስኬድኩ ማንበብ አይሆንልኝም፤ ይሄ ዕቃህ ደግሞ ጣት ሲነካው ገጹን ይገለብጣል። ዳኛው አፉን ሳይከፍት ምስክሮቹ ወጥተው ይሄዳሉ። ፊደሉን ላተልቅ ብዬ ስነካካው አንድ ገጽ ላይ ሦስት ቃል ብቻ ቀረ፤ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ እንደ ካርታ ተጫዋች ስገለብጥ አመሸሁ። የወረቀቱ መጽሐፍ ምን ያህል እንደቀረው እጄ ላይ ባለው ክብደት አውቅ ነበር። ይሄ ግን ሲጀመርም ሲያልቅም ያው ነው።

ፋርማሲስቷ አሳዘንኳት መሰለኝ፣ "እትዬ፣ ለምን ይጨነቃሉ፣ ራሱ ያንብብልዎት" ብላ አንዲት ምልክት ነካች። እንደ ዜና አንባቢ የተወለወለ የወንድ ድምፅ ካቆምኩበት ቀጠለ። እማዬ ከትራሷ ቀና አለች።

"ልጄ፣ ድምፅህ ጎረነነሳ" አለችው።

ማሽን ነው ብለን ብናስረዳት፣ ብናስረዳት አልሰማችንም። ልጇ ካለበት ሆኖ እያነበበላት ነው። ምዕራፍ ባለቀ ቁጥር "እደግ፣ ተመንደግ" ትለዋለች። ለእኔ መች ብላኝ ታውቃለች? የእኔ ድምፅ ሲዘጋ "ውኃ ጠጪና ቀጥይ" ነበር የምትለኝ። ባትሪው አልቆ ዕቃው ዝም ያለ ዕለት ግን "ደክሞት ነው፣ ተዪው ይረፍ" ብላ ተቆጣችኝ። በመጨረሻ ቁርጡን ነገርኳት፤ "እማዬ፣ እሱ አይደለም፤ እሱማ ከደወለ ስንት ጊዜው" አልኳት።

"አንቺ ከልጅነትሽ ጀምሮ በእሱ እንደቀናሽ ነው" አለችኝ።

ይህን ቃል እስክሞት አልረሳውም። አንተም እንድታውቀው ብዬ ነው የምጽፍልህ።

ድምፁ ሲያነብላት እኔ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ጣቴን ሻርፔ ውስጥ ጠቅልዬ፣ ፊደሉን በዓይኔ እከተል ነበር። ሳላውቀው ከድምፁ ቀደም ቀደም ማለት ጀመርኩ። አንድ ማታ ከንፈሬ ሳይንቀሳቀስ ገጹን ሙሉ አንብቤ ራሴን አገኘሁት። ስጦታህ የጠቀመኝ ነገር ቢኖር ይሄ ነው፤ አልክድህም። ታዲያ ፍርዱ የሚሰጥበት ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ድምፁን ዘጋሁት። እማዬ ጆሮዋን ቀስራ ስትጠብቅ፣ እኔ እዚያው አጠገቧ ሆኜ በዓይኔ ብቻ፣ ለራሴ ብቻ ጨረስኩት። ወፍጮው ለየትኛው ወንድም እንደተፈረደ እኔ አውቃለሁ። እሷ አታውቅም።

የመጀመሪያው ቀን "ልጄ ምነው ዝም አለ" አለች። በማግሥቱ "ምን አጠፋሁበት" አለች። ሦስት መስመር ባነብላት ይበቃት ነበር፤ አላነበብኩላትም።

መጽሐፉ የተጫነው በአንተ ስም ስለሆነ አንተም ጋ እንዳለ ፋርማሲስቷ ነግራኛለች። ስለዚህ ደውል። ስልኩን ጆሮዋ ላይ አደርግልሃለሁ፤ የመጨረሻውን ምዕራፍ በገዛ አፍህ አንብብላት። ተደነቃቅፈህ "ፍጠን እንጂ" ብትልህ እኔ ወዲህ ሆኜ እስቃለሁ። ድምፅህ እንደ ዕቃው ሳያምር ቀርቶ "አንተ ደግሞ ማነህ" ብትልህም የራስህ ጉዳይ ነው።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፤ የላከችልኝ ሹራብ ልክክ ብሎልኛል፣ በእሷ ቂም የለኝም። ትልቋን ልጅህን፣ አክስትሽ በትምህርትሽ እንዳትቀልጂ ብላሻለች በልልኝ። የትንሹን ጉንጮች ግራና ቀኝ ሳምልኝ። ፋርማሲስቷም ሰላም ብላሃለች። የእማዬን ሰላምታ ግን እኔ አልጽፍልህም፤ ከፈለግኸው ከራሷ ስማው።

ስትጠፋ በኖርክባቸው ዓመታት ሁሉ፣ በጠየቀችኝ ቁጥር "ትናንት ደውሎልሽ ነበር፣ ተኝተሽ ነው" ስላት የኖርኩት እኔ ነኝ። "ሥራ በዝቶበት ነው" ስላት የኖርኩትም እኔ ነኝ። ዛሬ ማታም ትጠይቀኛለች። ከእንግዲህ አልዋሽልህም።

ታላቅ እህትህ
ከእማዬ አልጋ አጠገብ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ